እንቁላሉን ተፍቼ ማንጎውን በላሁ

እኔ የሳይንስ መምህር ነኝ። ደብረ ታቦር ውስጥ ባለ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ስለ ምግብ ሳስተምር ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ሰሌዳውን በሦስት እከፍልና ኃይል ሰጪ፣ ገንቢ፣ በሽታ ተከላካይ ብዬ እጽፋለሁ። ጤፍና ገብስ ኃይል ሰጪ፣ እንቁላል ገንቢ፣ ማንጎ በሽታ ተከላካይ። ልጆቹ በአንድ ድምፅ ይደግሙታል፤ እኔም በየዓመቱ ፈተና ላይ አወጣዋለሁ። ይህን ሁሉ የማውቅ ሰውዬ በአንድ ዐቢይ ጾም ራሴን ልገድል ምንም አልቀረኝም ነበር። ጉዳቱ በእኔ ላይ ብቻ ቀርቶ ቢሆን ኖሮ ለማንም አላወራውም፤ የሚያሳፍር ታሪክ ነውና። ግን አልቀረም። ስለዚህ እንደ እኔ ግትር የሆነ ሰው ካለ ያንብበውና ይፈር።

ነገሩ የጀመረው በጥር ወር በውኃ ጥም ነው። በእኛ ከተማ ብርድ በጥር ጠዋት ውኃ የሚያምረው ሰው የለም። እኔ ግን ትልቅ ኮዳ ሞልቼ ክፍል መግባት ጀመርኩ። አንዱ ክፍለ ጊዜ ሳያልቅ ሁለት ጊዜ ወደ ሽንት ቤት እሮጣለሁ። ከኋላ የሚቀመጡት ተማሪዎች ስንት ደቂቃ እንደምቆይ ሰዓት ይይዙልኝ እንደነበር በኋላ ሰማሁ። ከዚያ ሱሪዬ ሰፋኝ። ቀበቶዬን በምስማር በስቼ አጠበብኩት፤ ወሩ ሳያልቅ ሌላ ቀዳዳ በሳሁ። ባልደረቦቼ “ምነው ከሳህ?” ሲሉኝ “ስፖርት ጀምሬ ነው” እላቸዋለሁ። ከመምህራን ማረፊያ ክፍል እስከ ባንዲራው ድረስ መሄድ ያቃተኝ ሰው ነኝ እንግዲህ።

መጀመሪያ አንድ የግል ክሊኒክ ሄድኩ። አግዳሚው ላይ ግማሽ ቀን ተቀምጬ፣ ደም ሰጥቼ፣ ታይፎይድ ተባልኩ። በእኛ አካባቢ ትኩሳት ያለውም የሌለውም ታይፎይድ ሳይባል ከክሊኒክ አይወጣም። ክኒኑን ጨርሼ ብሶብኝ ስመለስ ደግሞ ጨጓራ ነው ተባልኩ። በዚህኛው ቀን ባለቤቴ ስንዱ አብራኝ ነበረች። ስንዱ በራችን ላይ የልብስ ስፌት መኪና ዘርግታ የምትሠራ፣ ብዙ የማትናገር፣ ነገር ግን ሁሉን የምታይ ሴት ናት። የሚያክመኝን ሰውዬ “ዶክተር፣ የሚሸናበትን ፖፖ ጠዋት ስደፋ ጉንዳን ዙሪያውን ከቦት ነው የማገኘው። ይህ ነገር ጤና ነው?” አለችው።

ሰውየው ሳቀ። “እህቴ፣ ጉንዳን የማይወደው ምን አለ?” አላት። እኔም አብሬው ሳቅሁ። ደክሞኛል ስላልኩ ክንዴ ላይ ግሉኮስ ሰቀለልኝ። ግሉኮስ በውኃ የተበጠበጠ ስኳር እንደሆነ ለልጆች የማስተምረው እኔ ነኝ። ከቦርሳው ጠብ ጠብ ሲል እያየሁ እግዚአብሔር ይስጥልኝ ብዬ ተኛሁ።

በሦስተኛው የሄድነው ጤና ጣቢያ ነው። እዚያ ያገኘችን ነርስ ከፊቴ ይልቅ ክንዴን አየች። “ሰውነቱ አልቋል። እንቁላልና ወተት ይውሰድ። የስኳር ምርመራም ያስፈልገዋል፤ መመርመሪያው ስላለቀ ከሁለት ቀን በኋላ ተመለሱ” አለች። ስንዱ እንድመለስ ለመነችኝ። እኔ ግን ስኳር የሚይዘው በመኪና የሚሄድ ወፍራም ነጋዴን ነው አልኳትና አልተመለስኩም። ነርሷ የጻፈችልኝን የምርመራ ወረቀት ቀድጄ ጣልኩት። እንቁላልና ወተቱንማ ማን ሰምቶት፤ ዐቢይ ጾም ገብቶ ነበር።

ስንዱ ሳትነግረኝ ወደ ንስሐ አባታችን ሄደች። ሽማግሌ ናቸው፤ በጾሙ ገዳም ገብተው ሱባኤ ሊይዙ በማግሥቱ መንገድ ነበራቸው። ከመሄዳቸው በፊት ቤታችን መጥተው አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጡ። በቤቱ ውስጥ እኔ፣ ስንዱና እሳቸው ብቻ ነበርን።

“ልጄ፣ አንተ ታመሃል። እንቁላሉን እንደ መድኃኒት ውሰደው፤ እኔ ፈቅጄልሃለሁ” አሉኝ።

“አባ፣ እኔ ነፍስ ካወቅሁ ጀምሮ ጾም ገድፌ አላውቅም” አልኳቸው።

“ይሄ እልህ ነው እንጂ ጾም አይደለም። ስንድዬ፣ አብስለሽ ስጪው።”

ባርከውን ሄዱ። እኔ ዞር ብዬ ግድግዳውን አየሁ። እውነቱን ልናገር፤ ስለ ነፍሴ አልነበረም። በሰፈሩ “መምህር ታሞ እንኳ ጾሙን አልፈታም” መባሉን ወድጄው ነበር። ጠያቂ ሲመጣ ክሳቴን እንደ ሜዳሊያ አሳየው ነበር።

በዚህ መሐል እናቴ ማንጎ ይዛ መጣች። የምትኖረው አንበሳሜ ነው። ማንጎ ደጋ ላይ አይበቅልም፤ ከቆላው ወደ እሷ ገበያ ይወጣል። በማዳበሪያ ከረጢት ሞልታ፣ ሚኒባስ ላይ ጭና፣ ከመነኻሪያው በባጃጅ እቤት ድረስ አመጣችው። “ብላ ልጄ፣ የጾም ነው። ደም ይተካል” አለችኝ። በሳምንቱም ደገመች። እኔ በቀን አራት፣ አንዳንድ ቀን አምስት እበላለሁ። ጥሙን ለጥቂት ደቂቃ ይቆርጥልኛል፣ ከዚያ እጥፍ ሆኖ ይመለሳል፣ እኔም ሌላ ማንጎ አስመጣለሁ። ጠያቂ ሲመጣ ደግሞ “በሽታ ተከላካይ እኮ ነው” እያልኩ አስተምር ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ስንዱ የአጃ አጥሚት አመጣችልኝ። እትዬ አስካለ ልትጠይቀኝ መጥታ አጠገቤ ተቀምጣለች። እትዬ አስካለ ጎረቤታችን ናት፤ ስንዱ ያለችበት የሴቶች የማርያም ማኅበር መሪም ናት። በየወሩ በማርያም ቀን በየተራ አንዷ ቤት ይሰበሰባሉ፤ ተረኛዋ ጠላውንና ዳቦውን ታሰናዳለች፤ የማኅበሩ ጽዋ በጨርቅ ተሸፍኖ ከቤት ወደ ቤት ያልፋል። የዚያን ወር ተረኛዋ ስንዱ ነበረች። እኔ አጥሚቱን ስጎነጭ ምላሴ ላይ ቀጭን ነጭ ክር መጣ። የእንቁላል ክር። መሬት ላይ ተፋሁት።

“ይሄ ምንድን ነው?” አልኳት።

ስንዱ ኩባያውን ከእጄ ወሰደች። “እንቁላል ነው። ሦስት ቀን ሆነህ ስትጠጣው። ስትሞት ቆሜ አላይም። አባም ፈቅደዋል።”

እትዬ አስካለ ወደ እኔ ዞረች። “እውነት ነው መምህር? አባ ፈቅደዋል?”

አዎ ማለት አንዲት ቃል ነበረች። ነገር ግን አዎ ካልኩ በሰፈሩ የተወራልኝ ጾም ከንቱ ሊሆን ነው፤ እንቁላሉም ሆዴ ገብቷል። “ለእኔ የፈቀደልኝ ሰው የለም” አልኩ። “በስውር አስገደፈችኝ።”

ስንዱ አየችኝ። እትዬ አስካለ ነጠላዋን ሰብስባ ተነሣች። “በየትኛው ድስት ነው የሠራሽው?” ብላ ጠየቀቻት። “ትናንት ምስር የበላሁት ከዚሁ ቤት ነው።” መልስ ሳትጠብቅ ወጣች።

ስንዱ ድስቶቿን በአመድ አሽታ፣ በፈላ ውኃ ደጋግማ አጥባ ለበዓሉ ተሰናዳች። ጠላው ደርሷል፣ ሦስት ድፎ ዳቦ ጋግራለች። በማርያም ቀን ጠዋት እትዬ አስካለ ስልክ ደወለች። ዕቃሽ ፈስኳልና እኛ ቤት እናደርገዋለን፣ ተራሽን ዘልለነዋል አለቻት። አንዲት ሴት መጥታ ጽዋውን ወስዳ ሄደች፤ ቁጭ በይ ብትባልም አልተቀመጠችም። ስንዱ ያንን ሁሉ ዳቦ ፊቷ አድርጋ መደብ ላይ ተቀመጠች። የሴቶቹ ድምፅ ከአጥሩ ማዶ ይሰማል። እኔ አልጋዬ ላይ ሆኜ አየኋት። ደስ አለኝ። ይህን መጻፍ ይከብደኛል፤ ግን ደስ ብሎኝ ነበር። “ማንጎ ላጪልኝ” አልኳት። ላጠችልኝ።

ከዚያ በኋላ ለስፌት የሚመጣ ሰው አነሰ። ቤታችን የመጣ ጠያቂ ውኃ እንኳ አይቀምስም፤ እኔን ጠይቆ፣ እሷን ሳያያት ይወጣል። በዚያው ሰሞን ትንፋሼ መሽተት ጀመረ። መጥፎ ሽታ አይደለም፤ ከመጠን በላይ የበሰለ ፍሬ ሽታ ነው። የሚጠይቀኝ ሁሉ ይስቃል፤ ማንጎ የሚበላ ሰው ማንጎ ቢሸት ምን ይገርማል? ስንዱ ብቻ “ሳትበላም ይሸታል። ጠዋት ከእንቅልፍህ ስትነሣ ይብሳል” አለች። ያን ጊዜ ግን የእሷን ቃል የሚሰማ በቤቱም በሰፈሩም አልነበረም። አፏን ያዘጋሁት ደግሞ እኔ ነኝ።

የጾሙ መጨረሻ ሳምንታት ላይ አንድ ጠዋት ማስመለስ ጀመርኩ። ትንፋሼ ተራራ እንደወጣ ሰው ፈጠነ። የስንዱን ፊት አያለሁ፤ ስሟ ግን ጠፋኝ። በባጃጅ ሆስፒታል አደረሰችኝ። ድንገተኛ ክፍል በር ላይ ሰው ተደርድሯል፤ አንዱ “ተራሽን ጠብቂ” ሲላት ትዝ ይለኛል። ልብሴን ይዛ ወደ ውስጥ ጎተተችኝ። አንድ ወጣት ሐኪም ጎንበስ አለ፣ አፌን አሸተተ፣ “ስኳሩን ለኩት” አለ። ጣቴን ወጉኝ። መሣሪያው ቁጥር መጻፍ አቅቶት “ከፍተኛ” ብቻ አለ።

የሆነውን በኋላ አስረዱኝ። ስኳር ወደ ሰውነት ገብቶ ኃይል እንዲሆን ኢንሱሊን የሚባል ነገር ያስፈልጋል፤ በርን እንደሚከፍት ቁልፍ ነው። የእኔ አልቋል። ስኳሩ ደሜ ውስጥ ተንሳፍፎ ሰውነቴ ግን ተርቦ የራሱን ስብ ማቃጠል ጀመረ። የዚያ ቃጠሎ ዝቃጭ ደምን ያኮመጥጠዋል፤ ትንፋሽንም የበሰለ ፍሬ ያሸትተዋል። እኔ ማንጎ ባልበላ ኖሮ ሽታውን አንድ ሰው ይጠረጥረው ነበር። በማንጎው ሸፈንኩት። ሁለት ቀን ራሴን አላወቅሁም። ስንዱ አልጋዬ ሥር ካርቶን አንጥፋ ነበር የምትተኛው። ሆስፒታሉ ያልነበረውን መድኃኒት ከውጭ ለመግዛት የስፌት መኪናዋን ሸጠች። ይህን የነገረችኝ እሷ አይደለችም፤ ቤት ስገባ በሩ ላይ ባዶውን ቦታ አይቼ ነው ያወቅሁት።

አጠገቤ የተኙት ከጋፋት አካባቢ የመጡ አንድ አዛውንት ገበሬ ነበሩ። አንድ እግራቸው ከጉልበታቸው በታች ተቆርጧል። ሲያወሩ ስለ ሌላ ሰው የሚያወሩ ይመስላሉ።

“ሃያ ዶሮ ነበረኝ” አሉኝ። “እንቁላሉን በየገበያው እሸጣለሁ። በእንቁላሉ ምን ትገዛ ነበር በለኝ።”

“ምን ይገዙ ነበር አባባ?”

“ስኳር። በሻዩ ላይ አራት ማንኪያ ነበር የምጨምረው። አንድ እንቁላል በአፌ ሳላገባ ዕድሜዬ አለቀ።” የተቆረጠውን እግራቸውን በብርድ ልብሱ ሸፈኑት። “አንተስ በምን ገባህ?”

“በማንጎ” አልኳቸው። ሳቁብኝ፤ አልተቀየምኳቸውም።

ከመውጣቴ በፊት ሕሙማኑን ሰብስበው ስለ ምግብ አስተማሩን። አንዲት ሲስተር ጠረጴዛው ላይ አንድ የተቀቀለ እንቁላልና አንድ ማንጎ አስቀመጠች። “የትኛው ይሻላል?” ስትል መምህር ነኝና እጄን አውጥቼ ሦስቱን ክፍል ዘረዘርኩላት። አስጨረሰችኝና እንዲህ አለች፦

“በሽታ ተከላካይ ማለት የታመመን ያድናል ማለት አይደለም። እንቁላል የሟሸሸ ሥጋህን የሚጠግን ፕሮቲን አለው፣ ስብ አለው፣ ለዓይን የሚሆነው ቫይታሚን ኤ ተዘጋጅቶ ይገኝበታል። ስኳር የለውም ቢባል ይቀላል። ማንጎ ፕሮቲኑ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። እንቁላል ውስጥ የሌሉ ቫይታሚን ሲ እና ሆድ የሚያለሰልስ አሰር ግን አሉት። የዓይኑን ቫይታሚን ሰውነትህ ራሱ ከማንጎው ቀለም ይሠራዋል፣ ለዚያም ትንሽ ዘይት ይፈልጋል። ስኳሩ ደግሞ ብዙ ነው። ጤነኛ ሰው ሁለቱንም ቢበላ ደግ ነው። አንተም ስኳርህ ሲስተካከል ለክተህ አንድ ሁለት ቁራጭ ብትበላ የሚከለክልህ የለም። በቀን ስንት ነበር የምትበላው?”

“አራት። አንዳንዴ አምስት።”

“ማን ነበር የሚሰጥህ?”

ስንዱ በሩ አጠገብ ቆማለች።

በዚያው ሳምንት እናቴ ሌላ ከረጢት ማንጎ ይዛ ሆስፒታል መጣች። አፌን ልከፍት ስል ስንዱ ቀደመችኝ። “እሰይ እማማ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ” ብላ ተቀበለቻት። “ሐኪሞቹ ለጊዜው ትንሽ ቀንስ ብለውታል እንጂ ምንም አይደለም።” እናቴ ስትወጣ ማንጎውን ለአስታማሚዎች አከፋፈለችው። እናቴ እስከ ዛሬ ልጇን ልትገድል ምን ያህል እንደቀረበች አታውቅም። ስንዱ ልትነግራት ትችል ነበር፤ በእሷ ቦታ ብሆን እኔ እነግራት ነበር።

ፋሲካ እዚያው አለፈ። ቤት ገባሁ። መርፌውን ራሴ እወጋለሁ፤ ሰውነቴ መለስ አለ፤ ክፍል ገብቼ ማስተማር ጀመርኩ። ስንዱ በየማለዳው ሁለት እንቁላል ቀቅላ ፊቴ ታስቀምጥና ትወጣለች። የስፌት መኪናዋ ስለሌለ የሰው ልብስ በእጇ ትሰፋለች። በማርያም ቀን በሯን ዘግታ ወደ ገበያ ትሄዳለች፤ የሴቶቹን ድምፅ ላለመስማት መሆኑን አውቃለሁ።

አባ ከገዳም ሲመለሱ የተደረገውን ሰምተው መጡ። ዓይናቸውን ማየት አልቻልኩም።

“ለማኅበሩ ሴቶች እርስዎ ይንገሩልኝ” አልኳቸው።

“እኔ ከነገርኳቸው የሚነገረው የእኔ ፈቃድ ነው። የአንተ ውሸት ተደብቆ ይቀራል። ራስህ ሂድ” አሉኝ።

አልሄድኩም። በመጀመሪያው ወር ደከመኝ አልኩ፤ በሁለተኛው ፈተና እያረምኩ ነው አልኩ። ሞትን አይቼ የተመለስኩ ሰው አሥር የሰፈር ሴቶችን ፈራሁ። ውሸቴን ሳልናገር በዋልኩ ቁጥር ስንዱ በሰፈሩ ሰው መሐል አንገቷን ደፍታ ትሄዳለች፤ እኔን ደግሞ “እንኳን ለዚህ አበቃህ መምህር” ይሉኛል።

በሦስተኛው ወር በማርያም ቀን መርፌዬን ወጋሁና ሳልቀመጥ ወጣሁ። ብቀመጥ እንደምቀር አውቄዋለሁ። እትዬ አስካለ ቤት ገብቼ ሴቶቹ መሐል ቆምኩ። “አባ ለእኔ እንቁላል ፈቅደውልኝ ነበር። በጆሮዬ ነው የሰማሁት። ስንዱ እውነቷን ነበር፣ የዋሸሁት እኔ ነኝ” አልኳቸው።

ከዚያ አንዷ “እኔማ ድሮም ጠርጥሬ ነበር” አለች። ሌላዋም ጠርጥራ ነበር። ቀስ በቀስ ያልጠረጠረች ጠፋች። እትዬ አስካለ ለእውነት የቆመ ወንድ ብላ መረቀችኝ። የሚቀጥለው ወር ተራ የስንዱ እንዲሆን ወስነው ጽዋውን ይዘው ወደ ቤታችን ተነሡ። እኔ ከፊት ከፊታቸው ሄድኩ። ደረቴን ነፍቼ እንደነበር አሁን ሳስበው ያመኛል።

ስንዱ እጇን እያደረቀች በሩ ላይ ቆመች።

“ስንድዬ፣ ጽዋሽን ተቀበይ። መምህር ሁሉንም ነግሮናል” አለቻት እትዬ አስካለ።

“ምን ብሎ ነገራችሁ?”

“አባ ፈቅደው እንደነበር።”

“እኔም እኮ ያን ቀን ነግሬሽ ነበር እትዬ። እዚሁ ቤት፣ አጠገብሽ ቆሜ።” ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። “እሱ ዋሸች ሲላችሁ አመናችሁት። እሱ እውነቷን ነው ሲላችሁም አመናችሁት። እኔን መጥቶ የጠየቀኝ ግን የለም።”

ጎንበስ ብላ የጽዋውን ጨርቅ ተሳለመች። አልተቀበለችውም። “ማርያምን አልተቀየምኳትም። እናንተን ግን ቤቴ አላስገባም” አለች።

ሴቶቹ ጽዋውን ይዘው ተመለሱ። እኔ ደጁ ላይ ቀረሁ። ይቅርታ ለማለት አፌን ስከፍት ግንባሬን ላብ እንዳጠመቀው፣ ጉልበቴም እንደሚንቀጠቀጥ አወቅሁ። ከኀፍረቱ መስሎኝ ነበር። ስንዱ አንድ ጊዜ አየችኝ።

“መርፌህን ወግተህ ሳትበላ ነው የወጣኸው” አለች። “ግባና ብላ፣ ስኳርህ ወርዷል።”

ገብቼ በላሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ ከእኔ ጋር የምታወራው ስለ ምግብና ስለ መርፌ ብቻ ነው።